ዳዊት ሲደገም፦ የምስጋናው መጽሐፍ ረጅም ጉዞ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ የባቢሎን ሠራዊት የኢየሩሳሌምን ቅጥር አፍርሶ ገባ። ሰሎሞን ያሠራው ቤተ መቅደስ ጋየ። መኳንንቱ፣ ካህናቱና ባለ እጆቹ ተማርከው ወደ ባቢሎን ተነዱ። የጦርነቱን ታሪክ የነገሥታት መጻሕፍት ጽፈውታል፤ የምርኮኞቹን ልብ የሚያሳየን ግን በግዕዙ ቁጥር 136ኛው መዝሙር ነው። በወንዝ ዳር ተቀምጠው ሲያለቅሱ፣ የዜማ ዕቃቸውን ዛፍ ላይ ሲሰቅሉ፣ ማራኪዎቻቸው የአገራቸውን ዝማሬ እንዲያሰሟቸው ሲያፌዙባቸው እናያለን።

እንዲህ ያለ መራራ ልቅሶ በምስጋና መጽሐፍ ውስጥ መግባቱ ብዙ ይናገራል። 150ዎቹ መዝሙሮች ተሰብስበው አሁን ያላቸውን መልክ የያዙት ከምርኮ በኋላ፣ ቤተ መቅደሱ ዳግመኛ በተሠራበት ዘመን ነው። ብዙዎቹ ግን ከዚያ አስቀድሞ ሲዜሙ የኖሩ ናቸው። በዕብራይስጡ 73ቱ በርእሳቸው የዳዊትን ስም ይዘዋል፤ 12ቱ የአሳፍን፣ አንዱ የሙሴን። ከቀሩት አንዳንዶቹ የቆሬ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች።

የዳዊትን ስም የያዙት ርእሶች ንጉሡን በድሎት ወንበሩ ላይ አያሳዩትም። 3ኛው መዝሙር ከገዛ ልጁ ከአቤሴሎም ፊት ሲሸሽ የጸለየው ነው ይላል። 56ኛው ከሳኦል ተሸሽጎ በዋሻ ሳለ፣ 50ኛው ደግሞ በቤርሳቤህ ምክንያት ነቢዩ ናታን ከገሠጸው በኋላ። 12ኛው ከአጫጭሮቹ አንዱ ነው፤ ጸሎተኛው መከራው እስከ መቼ እንደሚቆይ አራት ጊዜ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ከጥቂት መስመር በኋላ ስለ ተደረገለት ቸርነት ሊዘምር ይነሣል። በመካከል ምን እንደተለወጠ መዝሙሩ አይነግረንም። ጠላቱ ወደቀ፣ መከራው አለፈ አይልም፤ የተለወጠው የሰውዬው ልብ ነው። 

ሁሉም እንዲህ በደስታ አይጨርሱም። 87ኛው በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። መጽሐፉን የሰበሰቡት ሰዎች ይህንንም ከምስጋናዎቹ እኩል አስቀመጡት። ወደ እግዚአብሔር እስከ ተጮኸ ድረስ ተስፋ የቆረጠ የሚመስለውም ቃል ጸሎት ነውና።

ከምርኮ በኋላ በነበሩት መቶ ዘመናት መጽሐፉ ወደ ግብፅ ወረደ። በእስክንድርያ የተወለዱ አይሁድ አፋቸውን የፈቱት በግሪክ ስለ ነበር መጻሕፍቱ ወደ ግሪክ ተመለሱ። የሰባ ሊቃናት ትርጉም የሚባለው ይህ ነው። ትርጉሙ የዕብራይስጡን 9ኛና 10ኛ መዝሙር አንድ ስላደረገ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ባብዛኛው በአንድ ያንሳል። አንዱ ምእመን የእረኛውን መዝሙር 22ኛ ሲለው ሌላው 23ኛ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ግሪኩ በመጨረሻ አንድ አጭር መዝሙርም ጨመረ፤ ታናሹ ብላቴና ዳዊት ከወንድሞቹ መካከል ተመርጦ ጎልያድን ስለ መግጠሙ የሚናገረውን 151ኛውን። ወደዚህ መዝሙር ኋላ እንመለሳለን።

በ4ኛው መቶ ዘመን በዚያችው እስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ አትናቴዎስ ለመርቄሊኖስ ደብዳቤ ጻፈ። መርቄሊኖስ ታሞ መዝሙራትን ሲያጠና ነበርና አትናቴዎስ ከአንድ አረጋዊ የሰማውን ትምህርት አካፈለው። ሌላውን የመጽሐፍ ክፍል የሚያነብ ሰው የሙሴን ወይም የኤልያስን ቃል እንደ ሌላ ሰው ቃል አድርጎ ያነባል፤ መዝሙርን የሚያነብ ግን ቃሉን የራሱ አድርጎ ይናገረዋል፣ የነፍሱንም መልክ እንደ መስታወት ያይበታል ይላል ትምህርቱ። ከዚያም ለተከሰሰ፣ ለተሰደደ፣ ከበደሉ ለሚመለስ፣ ለዳነና ማመስገን ለሚሻ እያለ የትኛው መዝሙር ለማን እንደሚስማማ በቁጥር ይዘረዝራል። ለቀጣዮቹ 1,600 ዓመታት የሐበሻ ምእመን ከመዝሙር ጋር የኖረው ኑሮ በዚህ ደብዳቤ አስቀድሞ የተጻፈ ያህል ነው። ግንኙነቱም የሩቅ አይደለም፤ በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገውን ፍሬምናጦስን ጵጵስና ሾሞ ወደ ኢትዮጵያ የላከው ይኸው አትናቴዎስ ነው። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንለዋለን።

ዐፄ ዒዛና ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ቅዱሳት መጻሕፍት ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመለሱ፤ መዝሙርም አብሮ። ከአክሱም ዘመን የተረፈ የዳዊት ብራና የለም። የተረፈው ድንጋይ ነው።

በ523 እ.ኤ.አ. በደቡብ ዐረብ የነገሠው ዙ ኑዋስ የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ። ዐፄ ካሌብ ከሁለት ዓመት በኋላ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ዘመቱበት፣ ድልም አደረጉ። በስማቸው አክሱም ላይ የቆመው የድል ጽሑፍ ቋንቋው ግዕዝ፣ ፊደሉ የደቡብ ዐረብ ነው፤ የሚጀምረውም እግዚአብሔርን በሰልፍ ኃያል አድርጎ በሚያወድሰው በ23ኛው መዝሙር ቃል ነው። ከባሕሩ ማዶ፣ በየመን ማሪብ የተገኘው የተሰባበረ የግዕዝ ጽሑፍም ከመዝሙር የተወሰዱ ቃላት አሉበት። ድል ያደረገ ንጉሥ ስሙን በድንጋይ ማስቀረጹ የተለመደ ነው። ካሌብ ከራሳቸው ስም በፊት መዝሙርን አስቀደሙ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት በመጨረሻ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው መነኑ።

በካሌብ ልጅ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ደግሞ ቅዱስ ያሬድ ተነሣ። ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉት ሦስት የዜማ ስልቶች የእርሱ ናቸው ይላል ትውፊቱ። መዝሙረ ዳዊት በድጓው ውስጥ በየገጹ አለ። በቅዳሴም ወንጌል ከመነበቡ በፊት ዲያቆኑ ለዕለቱ የተመረጠውን የዳዊት ቃል፣ ምስባኩን፣ በዜማ ያሰማል፤ ሕዝቡ ይቀበላል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ በዓመት ውስጥ ብዙ ምስባክ በጆሮው ይማራል፤ የሚካኤልን፣ የጊዮርጊስን፣ የጾሙን፣ የትንሣኤውን። መዝሙር ወደ ብዙኃኑ የገባው በዚህ በር ነው።

በሌላው በር፣ በመጽሐፉ በር፣ የገቡት ሕፃናት ናቸው።

የመካከለኛው ዘመን ገዳማት ከጻፏቸው መጻሕፍት ሁሉ እንደ ዳዊት ደጋግሞ የተገለበጠ የለም። ብራናው ከፍየል ቆዳ ይወጣል፤ ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ይለሰልሳል። ጸሐፊው መስመሩን በወስፌ ያሰምራል፣ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ያዘጋጃል፣ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል። ወንጌል በሁለት ዓምድ ሲጻፍ ዳዊት ግን በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ሐረግ በራሱ መስመር ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ሐረጉ ሲረዝምበት ጸሐፊው ወደሚቀጥለው መስመር አይወርድም፤ የተረፉትን ጥቂት ፊደላት ከመጨረሻው ቃል በላይ ወይም በታች አሳንሶ ይሰካቸዋል። ዓይን ትንፋሽን እንዲከተል ነው። በእንጨት ገበታ የተጠረዘው መጽሐፍ የቆዳ ማኅደር ይሰፋለታል፤ ማኅደሩ ጠፍር አለው፣ ጠፍሩ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ባለቤቱም ዳዊቱን ይዞ ገበያ ይወጣል፣ ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ለቅሶ ይደርሳል።

በዚህ ጥራዝ ውስጥ 151ዱ መዝሙሮች ብቻ አይደሉም ያሉት። 15ቱ የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን አብረው ይጠረዛሉ። ጸሎተኛው ለሳምንት ይከፍለዋል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ የቀረውን፣ እሑድ የነቢያትን ጸሎትና መኃልየ መኃልይን። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል። ሰው ሲሞትም ዳዊት ይደገምለታል። ለሟች የሚነበበው ለሕያው ከሚነበበው የተለየ መጽሐፍ አይደለም።

ሥዕል የገባባቸው የከበሩ ዳዊቶችም ተጽፈዋል። አሁን በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያለው፣ በ1476 ወይም 1477 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የበለን ሰገድ ዳዊት ከታወቁት አንዱ ነው። የሚበዙት ግን ሥዕል የሌለባቸው፣ ጫፋቸው በጣት የጠቆረ፣ የአንድ ቄስ ወይም የአንዲት ባልቴት ንብረት የነበሩ ትናንሽ ጥራዞች ናቸው። ለዚህ ታሪክ የኋለኞቹ ይበልጣሉ።

ልጅ ትምህርት ሲገባ ከየኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ ከዚያ የዮሐንስን መልእክትና ወንጌል ያነባል። ቀጥሎ ዳዊት ነው። ንባቡ በደረጃ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ፊደል በፊደል፣ ኋላ በውርድ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ። የትኛው ቃል ተነሽ፣ የትኛው ተጣይ፣ የትኛው ሰያፍ፣ የትኛው ወዳቂ እንደሆነ ልጁ በጆሮው ይለያል፤ አንዱን ተነሽ በወዳቂ ካነበበ የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ያርሙታል፤ መጽሐፉን በቃላቸው ያውቁታልና። ከሩቅ አገር የመጣው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የለመናትን ቁራሽ እየበላ ይህንኑ ያጠናል። ዳዊቱን ሲጨርስ ቤተሰቡ ድግስ ይደግሳል፣ ለመምህሩ ስጦታ ያቀርባል። ከዚያ ወዲያ ቅኔ ቤት መግባት፣ ዜማ መማር ወይም ወደ እርሻ መመለስ የእርሱ ፈንታ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው የተማረ ሰው ነው።

የዚህን ትምህርት ፍሬ ማሰብ ይገባል። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ገና መከራ ምን እንደሆነ ሳያውቅ የተከዳ ሰውን ጩኸት፣ የታመመ ሰውን ልመና፣ ከሞት የተረፈ ሰውን ምስጋና በአፉ ይለምዳል። ግዕዙ ሙሉ በሙሉ ባይገባውም ቃሉ ይቀመጣል። ወላጁን ሲቀብር፣ አዝመራው በአንበጣ ሲበላ፣ ልጁ ከዘመቻ በሰላም ሲመለስ የሚለው አያጣም። አትናቴዎስ ለመርቄሊኖስ የጻፈው ትምህርት እንዲህ ባለ የሣር ጎጆ ውስጥ ሥጋ ለብሶ ኖረ።

በ1511 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሮም አንድ ጀርመናዊ ቄስ የማያውቀውን ዜማ ሰማ። ዮሐንስ ፖትከን ይባላል፤ የኮሎኝ ሰው ነው። ዜማው ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ባለችው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ካረፉት የኢትዮጵያ መነኮሳት ነበር። ፖትከን ከዜማው መካከል የእመቤታችንንና የሐዋርያትን ስም ለየ፤ የቀረው ተሰወረበት። አስተርጓሚ ቢፈልግ ሁነኛ ሰው አጣ። ስለዚህ ራሱ ከመነኮሳቱ ዘንድ ሄዶ ተማሪ ሆነ። ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባሉ፣ ከኢየሩሳሌም የመጡ መነኩሴ አስተማሩት። ጀርመናዊው ቄስ እንደ ማንኛውም የሐበሻ ልጅ ፊደል ቆጥሮ ወደ ዳዊት ደረሰ።

ፖትከን ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ተሳስቷል፤ ሥራው ግን አልተሳሳተም። የግዕዝ ፊደል በብረት አስቀርጾ በ1513 በሮም በማርቼሎ ዚልበር ማተሚያ ቤት መዝሙረ ዳዊትን ከነቢያት ጸሎትና ከመኃልየ መኃልይ ጋር በቀይና በጥቁር ቀለም አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ወደ አገሩ ተመልሶ በ1518 በኮሎኝ መዝሙርን በዕብራይስጥ፣ በግሪክ፣ በላቲንና በግዕዝ ጎን ለጎን አወጣ። የግዕዙ ሐዲስ ኪዳን በደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ በአባ ተስፋ ጽዮን ድካም እዚያው ሮም የታተመው ከመጀመሪያው ዳዊት 35 ዓመት በኋላ፣ በ1548 እና 1549 ነው። ወንጌልን ያስቀደመ ሰው አልነበረም፤ መነኮሳቱ በቃላቸው ይዘውት የመጡት፣ ሲያዜሙት የተሰማው ዳዊት ነበር።

ከዚያ ወዲህ መዝሙር በአውሮፓ የግዕዝ ጥናት በር ሆኖ ቆየ። ሂዮብ ሉዶልፍ በሮም ያገኛቸውን አባ ጎርጎርዮስን በ1652 ወደ ጎታ አስመጥቶ ተማረባቸው፤ አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ የግዕዙን ዳዊት ከላቲን ትርጉም ጋር በ1701 በፍራንክፈርት አሳተመ። የለንደኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1815 ለኢትዮጵያ ብሎ ያተመው ዳዊትም በሉዶልፍ እትም ላይ የተመሠረተ ነው።

በዚያው ዘመን በካይሮ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቁት አባ አብርሃም የጎጃም ሰው ናቸው፤ ኢየሩሳሌምን፣ ፋርስንና ህንድን ዞረዋል። በካይሮ ታመው በተቸገሩ ጊዜ አሰለን ደ ሸርቪል የተባለው የፈረንሳይ ቆንስላ ባለ ሥልጣን ረዳቸው። ሁለቱ ለአሥር ዓመት ያህል በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በር ዘግተው ተቀመጡ፤ ቃል በቃል እየተመካከሩ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱ። የእጅ ጽሑፉ ከ9 ሺህ ገጽ በላይ ሆነ። አባ አብርሃም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በካይሮ ወረርሽኝ ሞቱ፤ የሥራቸውን ኅትመት አላዩም። ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሱ በ1840 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ታተመ። ግዕዝ ያልተማረ አማርኛ ተናጋሪ መዝሙርን በአፍ መፍቻው ማንበብ የቻለው በእኚህ ሽማግሌ ትዕግሥት ነው። ስማቸው በየቤቱ የማይታወቅ መሆኑ ያሳዝናል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻውን ክንፍ አውጥቶ በረረ። 67ኛው መዝሙር፣ በዕብራይስጡ ቁጥር 68ኛው፣ ኢትዮጵያን በስም ጠርቶ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ ይናገራል። በአሜሪካ በባርነት ቀንበር ሥር የነበሩና ከባርነት የወጡ ጥቁር ክርስቲያኖች ይህን ቃል የራሳቸው ተስፋ አድርገው ሰበኩት። በ1892 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ ማንጌና ሞኮኔ ከነጮቹ ሚሲዮን ተለይቶ ያቋቋመውን ቤተ ክርስቲያን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ የሰየመው ከዚሁ መዝሙር ወስዶ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የዐድዋ ድል ሲሰማ ቃሉ ለብዙዎች በዓይናቸው ፊት የተፈጸመ መሰላቸው። አዲስ አበባን አይተው የማያውቁ ሰዎች በአንዲት የመዝሙር ሐረግ ከኢትዮጵያ ጋር ዘመድ ሆኑ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጫኑ። በዘመኑ የተጻፉ ዘገባዎች እንደሚሉት ከዚያ በፊት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት 49 ጳጳሳትና ካህናት ሰባት ሰባት እየሆኑ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሳያቋርጡ መዝሙረ ዳዊት ደግመዋል። ዙፋን የሚወጣ ሰው ከእርሱ በላይ ንጉሥ እንዳለ በጆሮው እየሰማ ይውጣ የሚል ሥርዓት ነው።

ስድስት ዓመት ሳይሞላ ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ያዘች። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያው እንደራሴ በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላጋ ወልዴ በተባለው ሸለቆ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም በላከው ቴሌግራም የተረሸኑት 297 መነኮሳት ናቸው አለ፤ በኋላ የተደረገው ጥናት የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 በላይ ያደርገዋል። በቀን በሌሊት ዳዊት ሲደግሙ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። የ43ኛው መዝሙር ጸሎተኛ ኪዳኑን ሳያፈርስ ለእርድ እንደ ተሰጠ በግ መቆጠሩን ለእግዚአብሔር በግልጽ ያሳስባል፤ ለምን እንደሆነም ይጠይቃል። መጽሐፉ ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን ቃል ከጥንትም ነበረው፤ ቃሉም የተስተካከለ መልስ አይሰጥም።

ነጻነት ከተመለሰ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1956 እ.ኤ.አ.፣ በሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ላይ በዳዊን እረኞች 11ኛ ተብሎ በተቆጠረው ዋሻ አንድ ትልቅ የመዝሙር ጥቅልል አገኙ። ጄምስ ሳንደርስ ጥቅልሉን በ1965 ሲያሳትም ከመጨረሻው ላይ ዳዊት ከወንድሞቹ መካከል ስለ መመረጡ የሚናገር መዝሙር በዕብራይስጥ ተጽፎ ታየ። በግሪክና በሌሎች ትርጉሞች ብቻ ይታወቅ የነበረው 151ኛው መዝሙር የዕብራይስጥ ሥር እንዳለው ተረጋገጠ። የአበሻ ጸሐፊዎች ለመቶ ዓመታት ሲገለብጡት፣ የአበሻ ሕፃናት ሲያነቡት የኖሩት መዝሙር ነው። ማንም ሊቅ ምስክር ሳይቆምላቸው የተቀበሉትን ጠብቀው አቆዩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የመጠበቅም የመበተንም ዘመን ነው። በ1966 ዓ.ም. መባቻ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የመቅረጽ ሥራ ተጀመረ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ከ8 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት ተቀረጹ። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የደርግ ወታደሮች የግዕዙን ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት አቆሰሏቸው፤ ከዚያ ወዲያ በእግራቸው አልቆሙም። ለሕክምና ወጥተው አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡና የእነዚያን ብራናዎች ዝርዝር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ጻፉ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ከግዕዝ አልተለዩም። በዝርዝራቸው ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ መጽሐፍ አለ፤ ዳዊት።

በገናም በዚያ ዘመን ተፈትኗል። የበገና አሥር አውታር መዝሙር ራሱ ከሚጠራው ባለ አሥር አውታር የምስጋና ዕቃ ጋር አንድ ነው ብሎ ምእመኑ ያምናል። አውታሩ ከበግ አንጀት ይፈተላል፤ በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ ያ ከደረት የሚወጣ የሚመስለው ጥልቅ ንዝረት ከእርሷ ነው። ሰው በዐቢይ ጾም ጭር ባለ ቤት ተቀምጦ የሚደረድረው ለእግዚአብሔር እንጂ ለጭብጨባ አይደለም። በደርግ ዘመን በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጥ የነበረው የበገና ትምህርት ተቋረጠ። መምህሩ ዓለሙ አጋ ግን በገናቸውን አላስቀመጡም፤ ኋላ በዓለም መድረኮች አሰሙት፤ ዛሬ በአዲስ አበባ በገና የሚማሩ ወጣቶች ቁጥር ቀላል አይደለም።

ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁድም የራሳቸውን ዳዊት ይዘው ከአገር ተነሡ። ቄሶቻቸው በጎንደር መንደሮች ኦሪትንና መዝሙርን በግዕዝ ሲያነቡ ኖረዋል። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በረሃ በኩል ብዙዎች በመንገድ እየሞቱ ወጡ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በተራራ ላይ ጾመው፣ መጻሕፍት አንብበው የሚጸልዩበትን ስግድ የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደነገገው። በየዓመቱ በኅዳር አካባቢ ቄሶቹ ባለ ቀለም ጥላቸውን ዘርግተው ኢየሩሳሌምን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ በግዕዝ ይጸልያሉ።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በለንደን፣ በዱባይ የተሰበሰቡት የኦርቶዶክስ ምእመናን ደግሞ ዳዊታቸውን በኪስ መጽሐፍም በስልክም ይዘዋል። እዚያ ያለችው ነርስ ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ፣ ታክሲ ነጂው ተሳፋሪ ሲጠብቅ የዕለቱን ንጉሥ ይደግማሉ። ችግሩ ከልጆቹ ላይ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ዳዊት መድገም አይችልም። ብዙ አጥቢያዎች በእሑድ ትምህርታቸው ከፊደል ገበታ ጀምረዋል። በቅዳሴ ሰዓት የዕለቱ ምስባክ በግድግዳ ላይ በግዕዝ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታያል፤ ከሥሩም ፊደሉን ለማያውቁት የግዕዙ ድምፅ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በቨርጂኒያ የተወለደው ዲያቆን ከዚያ ላይ እያየ ያሰማል፣ እናቶች ከቃላቸው ይቀበሉታል።